ወደ ቆቦ ለምትወርጂው ልጄ

የፕሮጀክቱን ሰነድ ላክሽልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ውሃ አለበት፣ መጸዳጃ ቤት አለበት፣ የዓይን ሕክምና፣ እርከን፣ ድርቅ የሚቋቋም ዘር፣ የችግኝ ጣቢያ። አምስት መሥሪያ ቤት የሚሠራውን በሦስት ዓመት ጨርሱ ብለዋችኋል። ሐሳቡን አልነቅፍም። የገበሬው ቤት ውሃውንና ማሳውን፣ ዓይኑንና እርከኑን ለየብቻ አያውቃቸውም፤ ሁሉም የሚገፋው በዚያው ቤት ጉልበት ነው። የምመክርሽ ሁሉ ከዚህ ጉልበት የሚነሣ ነው።

ሙያዬን ታውቂያለሽ፤ አጎትሽ ሳኒቴሪያን ነበርኩ። ስለዚህ ምክሩ ከሽንት ቤትና ከዝንብ ጋር ቢቆይ አትገረሚ። ቁጥር የሰጠሁት ስትጠቅሺው እንዲመችሽ ነው እንጂ በተራ ይፈጸም ማለቴ አይደለም። ለአንቺ ብጽፈውም አብረውሽ ለሚወርዱት ልጆች ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል።

1. ዕቅዱን ከማስጀመርሽ በፊት የአንዲትን እናት ውሎ ተከተይ።

ሰነዱ ውስጥ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ዓምድ አለ። ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፤ ሁሉም በብር ተተምኗል። የማን ጉልበት እንደሆነ ግን አልተጻፈም። በጥርና በየካቲት ቀበሌው በሙሉ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በወር የአምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ አለበት፤ ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተቀመጠው ስሌት ይኸው ነው። የሴቶች ቡድን ስብሰባ አለ፣ የጤና ኬላ ቀጠሮ አለ፣ የስንዴ ሰልፍ አለ። በዚያ ላይ ወፍጮ፣ እንጨት፣ ውሃ፣ እንጀራ። አንቺ ደግሞ ሐሙስ ጧት «ስለ ንጽህና እንወያይ» ብለሽ ትጠሪያታለሽ።

ውሃውን ብቻ እናስላ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው የተቀመጠው ልክ በቀን 25 ሊትር፣ ያውም ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነበር። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 125 ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ስድስት ጊዜ ተመላልሶም አይሞላም። ጀሪካኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አህያ ከሌለ በጀርባ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ምንጭ የራቀበት ቤት 125 ሊትር አይቀዳም። ሁለት ጀሪካን ይቀዳና ለመጠጡ፣ ለወጡና ለሊጡ ያብቃቃል። በሁለት ጀሪካን የሚያድርን ቤት «የልጆቻችሁን ፊት ጧት ማታ እጠቡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ስትዪው፣ «አንዴ ደግማችሁ ምንጭ ውረዱ» ብለሽዋል። ዝም ሲልሽ «የግንዛቤ ችግር አለ» ብለሽ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አስቢው።

አንድ ልማድ ይኑርሽ፦ በአንድ ቤት ላይ ሥራ ስትጨምሪ ከዚያው ቤት ላይ ምን እንደምታነሺለት አብረሽ ጻፊ። ውሃውን ካቀረብሽለት ስለ መታጠቡ ብዙ መለፍለፍ አያስፈልግሽም። ወፍጮ ከቀረበ ስብሰባሽ ሰው ያገኛል። የምታነሺው ከሌለ አትጨምሪ። ነፍሰ ጡርና አራስ ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና ክፍያዋን እንድታገኝ የሴፍቲኔቱ መመሪያ ራሱ ይፈቅዳል፤ እርከን ላይ ድንጋይ ተሸክማ ካገኘሻት መመሪያውን ይዘሽ ቀበሌ ሂጂላት እንጂ ፎቶ አታንሺያት።

2. በትንሽ ውሃ የሚሆነውን አስቀድሚ።

ቧንቧው እስኪገባ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ለእጅ አንድ ስኒ ውሃ ይበቃል፤ የሚያባክነው ከጆግ መገልበጡ ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰጂ፣ ከሥሩ ከፍ ብለሽ ጎኑን በጋለ ምስማር ብሺው፣ ውሃ ሙይውና በገመድ አንጠልጥዪው። ክዳኑን ጥብቅ ስታደርጊው ውሃው ይቆማል፤ ላላ ስታደርጊው በቀጭኑ ይወርዳል። ሕፃናቱ በጨዋታ መልክ ይለምዱታል። ሳሙና ከሌለ የምድጃ አመድ አለ። አንዱን ከሽንት ቤቱ ጎን፣ አንዱን ከማድ ቤቱ በር ስቀዪ።

የሚጠጣውን ውሃ በሚመለከት፣ ድርቅና ተቅማጥ አብረው እንደሚመጡ እወቂ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ በሆነበት ድርቅ አተትም አብሮ ነበር። ምንጩ ሲነጥፍ ሰውና ከብት በአንድ ኩሬ ይሰለፋሉና። «ውሃ አጋር»ን የመሰለ ማከሚያ ወረርሽኝ ሲነሣ ብቻ የሚታደል ሆኖ እንዳይቀር ከባለ ሱቆቹ ጋር ተነጋገሪ። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። አስቀድሞ አሳድሮ ማጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ማጥራት፣ ከዚያ መጨመር።

3. ሽንት ቤት በማሳፈር ይቆፈራል፤ በማሳፈር ግን አይኖርም።

ሕዝቡን ይዞ ሜዳ መውጣት፣ የተጸዳዱበትን ማሳየት፣ የመንደሩን ካርታ መሬት ላይ በአመድ መሣል፣ ከዚያ «ዝንቧ ከዚህ ተነሥታ የት ነው የምታርፈው?» ብሎ መጠየቅ። ዘዴውን ካማል ካር የተባለ ህንዳዊ ባንግላዴሽ ውስጥ አወጣው፤ ወደ እኛም መጥቶ በብዙ ወረዳ ተሠርቶበታል። አልክድም፣ ትእዛዝ ያላስቆፈረውን ጉድጓድ አስቆፍሯል። ቀበሌው «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ» ተብሎ ባንዲራ ይተከልለታል፣ ከበሮ ይመታል። ክረምቱ ይመጣና ጉድጓዱ አፉ ይናዳል። ምስጥ ወለሉን ይበላዋል። ባንዲራው እንደቆመ ሰዉ ወደ ቁጥቋጦው ይመለሳል።

ለምን ተመለሱ ብለሽ ስትጠይቂ ስለ ባህል የሚነግርሽ አታጪም። አትቀበዪው። ገብተሽ ወለሉን በእግርሽ ርገጪው። የሚነቃነቅ ከሆነ አሮጊት አትገባበትም፤ ነፍሰ ጡር አትገባበትም፤ ሕፃን ጨርሶ አይቀርበውም። ቀዳዳው ለአዋቂ እግር ተለክቶ የተሠራ ከሆነ የአራት ዓመት ልጅ በምን ይቆምበታል? ስለዚህ ገንዘብሽን ለፖስተር ከምታወጪ ለጉድጓዱ አፍ አውጪው። አፉን በድንጋይ ማሰር፣ ዙሪያውን ጎርፍ እንዳይገባ በአፈር ከፍ ማድረግ፣ ምስጥ የማይደፍረውን እንጨት ከመንደሩ ሽማግሌ ጠይቆ መምረጥ፣ እጀታ ያለው ክዳን መሥራት። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ደግሞ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያና ውሃ ከሌለው ለትልልቆቹ ሴቶች ልጆች እንደሌለ ቁጠሪው። በወር አበባቸው ሰሞን ከክፍል የሚቀሩት ለምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

4. ዝንቧን እወቂያት፤ ወረንጦውንም እዪ።

የዓይን ማዝን፣ ማለት ትራኮማን፣ የምታዛምተው ዝንብ ስም አላት፤ ሙስካ ሶርቤንስ ትባላለች። ወጥ ላይ ከምታርፈው የቤት ዝንብ ትለያለች። የምትወደው የልጅ ዓይን አርና ንፍጥ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ሲሆን በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ግን ብዙም አትራባም። ይህን ካወቅሽ ሁለት ነገር ይገባሻል። አንደኛ፣ ተራ ጉድጓድ እንኳ በዓይን ጤና ላይ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ እናቶች «የሕፃን ምን አለው» ብለው ከቤት ጓሮ የሚጥሉት ነገር ዋናው የዝንቧ መራቢያ ነው። በአካፋ አንሥቶ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ውሃ አይጠይቅም፣ ረጅም ጊዜም አይፈጅም። ከምታስተምሪው ሁሉ ለድካሙ ብዙ የሚከፍለው ይኸ ነው ባይ ነኝ።

ከዓለም የትራኮማ ሸክም ትልቁ በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ከኢትዮጵያም የአማራ ክልል ከፊተኞቹ ነው። ዚትሮማክስ በዘመቻ ይታደላል፣ መድኃኒቱን ፋይዘር በነፃ ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን ቅባት አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ታድሎም ማዙ ያልለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። መድኃኒቱ ያዳነውን ዓይን ያልታጠበ ፊትና ዝንቧ መልሰው ያስይዙታል።

ገበያ ላይ በክር አንገቷ ላይ ወረንጦ ያንጠለጠለች ሴት ካየሽ ቁሚና ሰላም በያት። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የዓይኗን ብሌን እየፋቀ ነው፤ እሷም እየነቀለች ነው የምትኖረው። የተነቀለው ተመልሶ ሲወጣ አጭርና ስል ሆኖ ነው። ቀዶ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ውስጥ በሠለጠነ ነርስ የሚሠራ፣ ተኝቶ መታከም የማይፈልግ ነው። «ለምን አትሄጂም?» ስትያት «እፈራለሁ» ትልሻለች፤ ትንሽ ስትቆዪ እውነተኛውን ታወጣዋለች። ዓይኗ ታሽጎ ስትመለስ ማን ይጋግራል? ማን ይቀዳል? ቀጠሮ ስታስይዢላት ለዚያ ሳምንት ውሃ የሚቀዳላትን ሰው አብረሽ አስይዢላት። ያለዚያ ስሟ መዝገብሽ ላይ «ያልቀረበች» ተብሎ ይቀራል።

5. ቆቦ ሜዳ ላይ ድርቅና ጎርፍ ጎረቤታሞች ናቸው።

ዝናቡ ሜዳውን ዘሎ ተራራው ላይ ይጥላል፤ ሆርማትና ጎሊና ወንዞች ሞልተው ይወርዳሉ። ገበሬው ቅርንጫፍ፣ ድንጋይና አፈር ከምሮ ጎርፉን ይጠልፍና ማሳው ላይ ያሰራጨዋል። አንድ ጥሩ ጎርፍ የሰብሉን ዕድሜ ያራዝመዋል፤ የሚያመጣው ደለልም ማዳበሪያ ነው። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ የተናደውን ማን ያድስ የሚለው የሚዳኘው በውሃ አባት ነው። በአዋጅ አልተቋቋመም፤ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ግን ሰው ከአልጋው የሚነሣው በእሱ ጥሪ ነው።

በራያ ሸለቆ ጎርፉን በኮንክሪት እንጥለፍ ተብሎ የተሠሩ፣ ዛሬ በደለል ታፍነው የቀሩ መጥለፊያዎች አሉ። የገበሬው ክትር ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል፤ መፍረሱ ግን ደለሉን ያሳልፈዋል፣ ማሳውንም ከመሸርሸር ያድነዋል። መሐንዲሱ ይህን የሚያየው በበጋ፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ በሆነበት ወቅት ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከውሃ አባቱ ጋር ወንዙ ዳር እንዲቆም አድርጊው፤ ሥዕሉን ከዚያ በኋላ ይሥራ።

6. ገበሬ እርከን ሲያፈርስ ምክንያት አለው።

እስኪነግሩሽ አትጠብቂ፤ ጠይቂያቸው። እርከኑ አይጥ ይፈለፍላል ይሉሻል፤ እውነት ነው። በሬ ለማዞር ይከለክላል ይሉሻል፤ እሱም እውነት ነው፤ በሞፈርና ቀንበር የሚያርስ ሰው መታጠፊያ ይፈልጋል። መሬቴን ቀማኝ ይሉሻል፤ ሩብ ሄክታር ላለው ሰው አንዱም ስንዝር ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ሰምተሽ ስፋቱን ከባለ ማሳው ጋር ከተስማማሽ፣ የውሃ ልኩን እሱ ራሱ ገመዱን ይዞ ከለካ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲናድ የሚጠግነው አታጪም። የኮንሶን እርከን ያቆመው ይኸ ነው። ከ400 ዓመት በላይ ሲጠገን የኖረ፣ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እርከን ባለቤት አለው። በዘመቻ የተሠራው ግን «የመንግሥት» ነው፤ ሲናድም መንግሥት ይሥራው ይባላል።

እርከኑ ላይ ደሾ ሳር፣ የርግብ አተር፣ ሰስባንያ ማብቀል መልካም ነው። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ከብቱ በአንድ በጋ ይጨርሰዋል። «አጭዶ መመገብ» ይሻላል ይባላል፤ ይሻላል። የሚያጭደውና የሚሸከመው ማን እንደሆነ ግን ወደ አንደኛው ምክር ተመልሰሽ አንብቢ።

7. ዘር ስትሰጪ የነበረውን አትንጠቂ።

የቆቦ ገበሬ ለዝናብ መክዳት ዕቅድ አለው፤ ያውም በወረቀት ያልሰፈረ። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ካገኘ ደጋሊቱንና ጅጉርቲውን ይዘራል። ብዙ ወር የሚቆይ፣ ቁመተ ረጅም ማሽላ ነው፤ እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር። ሚያዝያ ከከዳው እስከ ሰኔ መጨረሻ ይታገሥና ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ይጥላል። እሱም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ። ያም ካለፈ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም፣ መሬቱ የያዘችው እርጥበት ላይ ሽምብራ። በየደረጃው የሚያገኘው ያንሳል፤ ባዶ እጁን ግን አይቀርም። አንቺ «ድርቅ ተቋቋሚ ዘር» ይዘሽ ስትመጪ ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ነው የምትገቢው። በየትኛው እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

የምርምሩን ሥራ አላቃልልም። የመልካሳ ሰዎች ያወጡት «መልካም» የተባለው ማሽላ ዝናብ ባጠረበት ዓመት የብዙ ቤት ጎተራ ሞልቷል። የአቀንጭራ ነገር ደግሞ የምታውቂው ነው፤ ማሽላውን ከሥሩ መጥጦ የሚያደርቀውን ያንን ሮዝ አበባ የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉ ዝርያዎች የመጡት ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ምርምር ነው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተውበታል። ግን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ሁለት ዕዳ አለበት፤ በራሪ ወረቀቱም አይነግርሽም። አንዱ አገዳው አጭር ነው፤ በድርቅ ዓመት በሬውን የሚያተርፈው አገዳው ሆኖ ሳለ። ሌላው ግሪሳ ነው። የሰፈሩ ማሽላ ሳይደርስ ያንቺ ገበሬ ማሽላ ብቻ ከደረሰ የአገሩ ወፍ ሁሉ እሱ ማሳ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያጮህ ይውላል። ስለዚህ ዘሩን ለአንድ «ሞዴል» ገበሬ አትስጪ፤ ጎን ለጎን ለሚያርሱ ለብዙዎች ስጪ። ወፉ ይከፋፈላል።

የደጋሊቱንም ዘር ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሰብስበሽ በመንደሩ አኑሪ። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት ገበሬው ራሱ ዘር ጠባቂ መሆኑን ስላሳዩና በዚያ ላይ ስለሠሩ ነው። ማሾንም አስቢው፤ በሁለት ወር ከምናምን ይደርሳል፣ በቃሉና በሸዋ ሮቢት በኩል ገበያውን ለምደውታል።

8. ኩሬ ስታስቆፍሪ ወባን ቁጠሪ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቤቱ ኩሬ ይቆፈር ተብሎ ፕላስቲክ ሲነጠፍ ነበር፤ ብዙው ተቀደደ፣ ደረቀ፣ የትንኝ ማደሪያ ሆነ። ከዚያ በፊት ትግራይ ውስጥ በዶክተር ቴድሮስ አድሐኖም የሚመራ ቡድን የመስኖ ግድብ አጠገብና ከግድብ ርቀው የሚኖሩ ልጆችን አነጻጽሮ፣ በግድቡ አጠገብ ወባ ሰባት እጥፍ ሆኖ አግኝቶ ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ኩሬ አትቆፍሪ አላልኩም። የግብርናውና የጤናው ሰው አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ቆመው ቦታውን ይምረጡ፤ አጎበሩም ከኩሬው ቀድሞ ይድረስ።

9. ቅሬውን አትዝለዪ።

በከተማ ዕድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀብራል። ቅሬ «በዚህ ተረተር ከብት ያሰማራ ይቀጣ» ካለ ከብት አይወጣም፤ ከቅሬ የተባረረ ሬሳውን የሚያነሣለት የለምና። ሰነድሽ ግን አዲስ ኮሚቴ አቋቁሚ ይልሻል፤ ለውሃ አንድ፣ ለእርከን አንድ፣ ለጽዳት አንድ። ያው አሥራ ምናምን ሰው በሁሉም ላይ ይጻፋል። ኮሚቴው በሕግ የሚያስፈልግ ከሆነ አቋቁሚው፤ ደንቡን ግን የቅሬው ሰብሳቢና ሸሁ ወይም ቄሱ ባሉበት አስወስኚ።

የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ እጁ ላይ ካልገባ ኮሚቴ አይሆንም። በክልላችን ከፊንላንድ መንግሥት ጋር የተሠራበት ጥሩ መንገድ አለ፦ የግንባታው ብር በአብቁተ፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ኮሚቴ ይተላለፍ ነበር፤ ኮሚቴው ሲሚንቶውን ይገዛ፣ ቆፋሪውን ይቀጥር፣ ይከፍል ነበር። ገዝቶ የሠራው ሲበላሽበት «የእነሱ ፓምፕ ቆመ» አይልም። ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን፤ ውሃው ሲቋረጥ በጀርባዋ የምትከፍለው እሷ ናትና ሒሳቡን አታስረሳም። የአፍሪዴቭ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በአንዲት ርካሽ ጎማ ነው። ጎማዋ የምትሸጥበትን ሱቅ ሳታውቂ ፓምፕ አታስተክዪ።

10. ውሎ አበል።

ለስብሰባ አበል መክፈል ከጀመርሽ ያለ አበል የሚመጣ አይኖርም፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጣውም ፕሮጀክት ዕዳሽን ይከፍላል። ሩቅ አገር ለሚያድር ሰው መኝታና ምግብ ስጪ። ስለ ራሱ ሽንት ቤት ለሚወያይ ሰው ግን ከቡናና ከቆሎ በላይ አታውጪ። ይጠሉሻል፤ ይለፍሽ።

11. የጤና ኤክስቴንሽኗን መልእክተኛ አታድርጊያት።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሆነው ወደየቀበሌው ወረዱ። ሲጀመር 16 ፓኬጅ ተሸክመው ነው፤ ከእነዚያ 7ቱ የንጽህናና የአካባቢ ጤና ናቸው። ክትባት የእሷ ነው፣ ቤተሰብ ምጣኔ የእሷ ነው፣ የሞተና የተወለደ መመዝገብ የእሷ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚያ አገር አልፎ ጤና ኬላ ሲዘረፍ ብዙዎቹ ከሕዝቡ ጋር ነበሩ። አንቺ በላንድክሩዘር መጥተሽ ሰባተኛውን ቅጽ ሙይልኝ ስትያት ፊቷን እዪው። ቅጽሽን ከእሷ መዝገብ ላይ ገልብጪ። ለመስክ ስትወጪ በመኪናሽ አድርሺያት። ስምሽ የሚጻፍበት ሪፖርት ላይ የእሷን አስቀድሚ።

12. ሪፖርት በግንቦት ይጻፍ።

በሐምሌ የተተከለውን በሐምሌ መቁጠር ለማንም ይቀላል። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። እኔ የምጠይቅሽ በግንቦት፣ ፀሐዩ ሲጨርስ፣ ከተከላችሁት ስንቱ ቆሟል የሚለውን ነው። ሽንት ቤትም እንደዚያው ከክረምት በኋላ ይቆጠር፤ ፓምፕም ፕሮጀክቱ ካለቀ በሁለተኛው ዓመት። በጀት ሰጪዎቹ ይህን አይጠይቁሽም። አንቺ ግን በውላችሁ ውስጥ የመጨረሻው ዓመት ያለ አዲስ ግንባታ፣ ለጥገናና ለቆጠራ ብቻ እንዲሆን ገና ሳይፈረም ጠይቂ። ከተፈረመ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

ወልድያን፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈሽ ስትገቢ ከቢሮው በፊት ወደ ጤና ኬላዋ ጎራ በይ፤ ሁለተኛ የቅሬውን ሰብሳቢ፣ ሦስተኛ የውሃ አባቱን። አስተዳዳሪው ቢቀየሙሽ አጎቴ አዝዞኝ ነው በያቸው። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባ አለ፤ አጎበርሽን ከዚህ ይዘሽ ውረጂ።